ቦርዱ አዲሱን ዲስክ አላየውም? የራዝቤሪ ፓይ ፈርምዌርን ስለማደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ራዝቤሪ ፓይ 5 የሚባለው በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር (ቦርድ) አለው። ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣን ኤስኤስዲ ዲስክ ይገዛል፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ይልክለታል። ይሰካዋል። ቦርዱ ይነሳል፣ ዲስኩ ግን የለም። «ዲስኩ የሞተ መሰለኝ» ይለኛል።

ብዙ ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው። ቦርዱም ደህና ነው። ያረጀው ሁለቱን የሚያስተዋውቀው ትንሽ ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩ ነው። ዕቃው በሰው ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለመጣለት ሰው ደግሞ «ወስደህ ቀይረው» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ከመፍረድ በፊት ያንን ፕሮግራም ማየት ግድ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት በዋናነት ስለ ራዝቤሪ ፓይ 4 እና 5 ነው።

ፈርምዌር የሚባለው የቱ ነው? አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን ይለኛል።

ሁሉም ልክ ናቸው። ግራ የሚያጋባው አንዱ ስም ለሦስት ነገር መዋሉ ነው።

የመጀመሪያው ቡትሎደር ነው። ቦርዱ ኃይል እንዳገኘ በማለዳ የሚነቃው እሱ ነው። ራሙን ያዘጋጃል። ከዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ፍለጋ ይወጣል። ሚሞሪ ካርድ ላይ አለ? ፍላሽ ላይ አለ? ኤንቪኤምኢ ላይ አለ? እሱ የማያውቀው ዕቃ ላይ ያለ ሲስተም በፍጹም አይነሳም፣ ዲስኩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን።

ሁለተኛው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚመጣው ነው። ካርዱ ላይ ቡት ፓርቲሽን የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። የሊኑክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እና የቦርዱን ዕቃዎች ለከርነሉ የሚዘረዝሩ ፋይሎች እዚያ ይቀመጣሉ። ሲስተሙን ስታድሱ የሚታደሰው ይህ ነው።

ሦስተኛው የተሰካው ዕቃ የራሱ ፈርምዌር ነው። ኤስኤስዲው የራሱ አለው። ሃርድ ዲስኩን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተርም የራሱ አለው። እነዚህን ራዝቤሪ ፓይ አያድስላችሁም።

«ፈርምዌር አድሻለሁ፣ አልሠራም» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የቱን እንዳደሰ ነው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን አድሶ አንደኛውን አልነካውም።

ቡትሎደሩ ታዲያ የት ነው የሚቀመጠው?

እንደ ቦርዱ ዕድሜ ይለያያል። እስከ ራዝቤሪ ፓይ 3 ድረስ ሚሞሪ ካርዱ ላይ፣ እንደ ተራ ፋይል ይቀመጥ ነበር። ካርዱን ስትቀይሩ ቡትሎደሩም አብሮ ይቀየራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፓይ 4 ይህን ቀየረው። ቡትሎደሩ ከካርዱ ወጥቶ ቦርዱ ላይ የተበየደች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ገባ። ቺፗ ኢኢፕሮም ትባላለች። በፓይ 4 የምትይዘው 512 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በፓይ 5 ወደ 2 ሜጋባይት አድጋለች። በፓይ 5 ቀድሞ ካርዱ ላይ ከነበሩት የመነሻ ፋይሎች አብዛኛው ሥራም ወደዚህችው ቺፕ ተዛውሯል።

ይህ ለውጥ ብዙዎችን አደናግሯል፣ በእነሱም አይፈረድም። በድሮው ልማድ አዲስ ካርድ ማዘጋጀት ማለት ሁሉን ማደስ ነበር። አሁን ግን ዛሬ የወረደ ሲስተም የያዘ ካርድ፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ቡትሎደር ባለበት ቦርድ ላይ ሊሰካ ይችላል።

ፋብሪካ ሠርቶ የጨረሰው ቦርድ በኋላ የመጣን ዕቃ እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

ሽቦውና ወደቡ ቀድሞ ካለ፣ የሚጎድለው ዕውቀት ብቻ ነው። ዕውቀቱ ደግሞ ፕሮግራም ነው።

ፓይ 4 ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲወጣ ፈጣን የዩኤስቢ 3 ወደብ ነበረው፤ ከዩኤስቢ ዲስክ መነሳት ግን አይችልም ነበር። ሰው ኤስኤስዲ ቢገዛም ለማስነሻ ብቻ ሚሞሪ ካርድ ጨምሮ መሰካት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የቡትሎደር እድሳት ወጣ፣ ያው ቦርድ ከዩኤስቢ መነሳት ጀመረ። አንድ ብየዳ አልተነካም።

ፓይ 5 ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ቦርዱ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ነው። ኩባንያው ኤንቪኤምኢ ዲስክ የሚሰካበትን የራሱን ተጨማሪ ሰሌዳ (ሃት)፣ ኤም 2 ሃት ፕላስን ያወጣው ግን በሜይ 2024 ነው። ቦርዱ ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። ለዚህም ነው የሃቱ መመሪያ መጀመሪያ የቡትሎደሩን ቀን እንድታዩ የሚጠይቀው። ከዲሴምበር 6 ቀን 2023 በፊት ከሆነ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ አድሱት።

የእኔ ቡትሎደር የመቼ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ሁለት መንገድ አለ።

ሲስተሙ የሚነሳ ከሆነ ተርሚናል ክፈቱና «አርፒአይ-ኢኢፕሮም-አፕዴት» የሚባለውን ትእዛዝ ያለምንም ተጨማሪ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አስኪዱ። በቦርዱ ላይ ያለውን ቀንና አሁን የሚገኘውን አዲስ ቀን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። እንዲህ ብቻውን ሲጻፍ ያያል እንጂ ምንም አይነካም፤ ስለዚህ አትፍሩት።

ሲስተሙ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ የምወደው መንገድ አለ። ካርዱንም ዲስኩንም ንቀሉ። ቦርዱን ከስክሪን ጋር ብቻ አገናኝታችሁ አብሩት። የሚያስነሳው ነገር ሲያጣ ቡትሎደሩ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የቦርዱን ዓይነት፣ የራሱን ቀን፣ የትኞቹን ዕቃዎች እየሞከረ እንደሆነ ይጽፋል። በፓይ 4 ላይ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ለቻርጀሩ ቀዳዳ ቅርብ በሆነው ወደብ ላይ ሰኩት።

ያንን ስክሪን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እርዳታ ስትጠይቁ ከሃያ መስመር ገለጻ ያ ፎቶ ይበልጣል።

ለማደስ ቀላሉ መንገድ የቱ ነው?

የሚነሳ ሲስተም ካላችሁ ራስፒ-ኮንፊግ ወደሚባለው የቅንብር መሣሪያ ግቡ። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቡትሎደር ቨርዥን» አለ። «ሌተስት» የሚለውን መርጣችሁ ውጡ። ከዚያ ቅድም ያየነውን ትእዛዝ መጨረሻው ላይ ሰረዝና «ኤ» ፊደል ጨምራችሁ አስኪዱና ቦርዱን አጥፍታችሁ አስነሱ። በቃ።

የሚነሳ ሲስተም ከሌላችሁ፣ ወይም የምትጠቀሙት ሲስተም ይህ መሣሪያ የሌለው ከሆነ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ራዝቤሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን፣ ሲስተም ካርድ ላይ የሚጽፈውን ፕሮግራም ክፈቱ። መጀመሪያ የቦርዱን ዓይነት በትክክል ምረጡ። ከሲስተሞቹ ዝርዝር ወደ ታች ወርዳችሁ ልዩ ልዩ መገልገያዎች ከሚለው ክፍል «ቡትሎደር»ን ፈልጉ። ከኤስዲ የሚነሳውን መርጣችሁ አንድ ትርፍ ካርድ ላይ ጻፉት። ካርዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ የሠርግ ፎቶ ያለበትን ካርድ አታምጡ።

ካርዱን ቦርዱ ላይ ሰክታችሁ አብሩ። አረንጓዴዋ መብራት ሳታቋርጥ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለች ጨርሷል። ስክሪን ካለ ሙሉው አረንጓዴ ይሆናል። ቢያንስ አሥር ሰከንድ ጠብቁ፣ አጥፉት፣ ካርዱን አውጡ።

ይህ ሁለተኛው መንገድ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይሻላል። የሚወርደው ፋይል ትንሽ ነው። ሙሉ ሲስተም ማደስ ግን ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊበላ ይችላል።

እያደስኩ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ቦርዱ ይሞታል?

አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ይህን የማይጠይቅ የለም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ የሚያጽናና ነው፦ አይሞትም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። ከቡትሎደሩም በፊት የሚሠራ ሌላ በጣም ትንሽ ኮድ አለ። እሱ የተቀረጸው በዋናው ቺፕ ውስጥ፣ ፋብሪካ ላይ ነው። ማንም ሊጽፍበትም ሊያጠፋውም አይችልም። የዚህ ኮድ አንዱ ሥራ ሚሞሪ ካርዱ ላይ የማዳኛ ፋይል መኖሩን ማየት ነው። ካለ ኢኢፕሮሟ ውስጥ ያለውን ሳይጠይቅ ፋይሉን ያስነሳል፣ ፋይሉም ኢኢፕሮሟን እንደ አዲስ ይጽፋታል።

ስለዚህ ጽሕፈቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ የሚበላሸው ኢኢፕሮሟ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ከላይ ያዘጋጀነው ያው የማዳኛ ካርድ ይመልሰዋል። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ሆኖበት ቦርዱን ለሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ከቶት ነበር፤ ተስፋ ቆርጦ። ካርዱን ሰክተን አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ቆየን። ተነሳ።

ቢሆንም መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ሰዓት አትጀምሩ። ዩፒኤስ ካለ ተጠቀሙ። በተለይ ሙሉ ሲስተም ስታድሱ ጠንቀቅ በሉ። እዚያ ላይ የሚቋረጥ ኃይል ካርዱ ላይ ያለውን ሲስተም ሊያበላሸው ይችላል፣ ለዚያ ደግሞ የማዳኛው ካርድ አይደርስላችሁም።

አንድ ነገር አትርሱ። የማዳኛው ካርድ ያስተካከላችሁትን የቡትሎደር ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመልሳል። በመጀመሪያው፣ በተርሚናሉ መንገድ ስታድሱ ግን ቅንብራችሁ ባለበት ይቆያል።

«አርፒአይ-አፕዴት» ብዬ አድሻለሁ። አይበቃም?

አይ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ተሳስቷል። መሃሉ ላይ «ኢኢፕሮም» የሚል የሌለበት ትእዛዝ ገና በሙከራ ላይ ያለ ከርነልና ፈርምዌር ነው የሚጭነው። የተዘጋጀው ለሚሞክሩ ባለሙያዎች ነው። ሥራ ላይ ባለ ቦርድ፣ ሱቅ ውስጥ ባለ ካሜራ መቅጃ ወይም የትምህርት ቤት ሰርቨር ላይ ባትነኩት እመክራለሁ። ዲስክ አይታይም ብላችሁ ገብታችሁ ዋይፋይ ጠፍቶባችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ።

ቡትሎደሩ አዲስ ነው፣ ኤንቪኤምኢ ዲስኩ ግን አሁንም የለም። አሁንስ?

አሁንም ዲስኩን አትጣሉት። እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ገመዱ። ቦርዱንና ሃቱን የሚያገናኘው ያ ስስ ጠፍጣፋ ገመድ በጣም ስሱ ነው። በትንሹ ከተንጋደደ ወይም መቆለፊያው በሙሉ ካልተዘጋ ዲስኩ የለም ማለት ነው። ቦርዱን አጥፉ፣ ኃይሉን ንቀሉ፣ ገመዱን አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱት። የፊቱና የጀርባው አቅጣጫም ልክ ይሁን። ካየኋቸው «የሞቱ» ዲስኮች ብዙዎቹ የዳኑት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሃቱ ራሱ። የሃት ፕላስን ደንብ የተከተለ ሃት ሲሰካ ማንነቱን ለቦርዱ ይናገራል፣ ቡትሎደሩም ወደቡን ራሱ ይከፍተዋል። ገበያ ላይ ግን ይህን የማይናገሩ ርካሽ ሃቶች አሉ። እነሱ ሲሆኑ ቡትሎደሩን «ባይነግርህም ሂድና እይ» ማለት ያስፈልጋል። በቡትሎደሩ ቅንብር ውስጥ «ፒሲአይኢ ፕሮብ» የሚለውን 1 አድርጉ (ፒሲአይኢ ሃቱ በገመዱ የሚገናኝበት ወደብ ነው)። ሲስተሙ ከሚሞሪ ካርድ እየተነሳ ዲስኩን እንዲያይ ደግሞ «ኮንፊግ» በሚባለው ፋይል ውስጥ የፒሲአይኢ ወደቡን የሚከፍት መስመር ይጨመራል። ፋይሉ ቡክዎርም ከሚባለው የራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ (የቦርዱ ሲስተም) ዕትም ወዲህ «ቡት» ውስጥ ባለው «ፈርምዌር» ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ድሮ የነበረበትን ቦታ የሚነግራችሁ መመሪያ ካጋጠማችሁ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። የፓይ 5 ፒሲአይኢ ወደብ በይፋ የሚደገፈው በሁለተኛው ትውልድ ፍጥነት ነው። በሦስተኛው ትውልድ እንዲሠራ ማስገደድ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ለዚያ ፍጥነት ግን ዋስትና አልተሰጠውም። አስገድዳችሁት ከነበረና ዲስኩ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ያንን መስመር አጥፉት።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይመጣል። ስለ እሱ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ዲስኩ ከሌለ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያ ከታየ ያ የዲስክ ሞዴል ከዚህ ቦርድ ጋር አልተስማማም ማለት ነው። የማይስማሙ ዲስኮች አሉ። ዲስኩ ለላፕቶፕ ይሆናል።

ዲስኩ ይታያል፣ ቦርዱ ግን ከእሱ አይነሳም።

መታየትና መነሳት ይለያያሉ። መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ሲስተም መጻፉን አረጋግጡ። ይህን መጠየቅ ያስቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን እዩ። ቡትሎደሩ የሚፈልግባቸውን ቦታዎች በቁጥር ነው የሚያውቃቸው። 1 ሚሞሪ ካርድ ነው። 2 ኔትወርክ ነው። 4 ዩኤስቢ ነው። 6 ኤንቪኤምኢ ነው። ልብ በሉ፣ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የፓይ 5 የተለመደው አሰላለፍ 461 ነው። ይህ ማለት መጀመሪያ ካርድ፣ ቀጥሎ ኤንቪኤምኢ፣ በመጨረሻ ዩኤስቢ። 416 ብትሉት ኤንቪኤምኢው ቀዳሚ ይሆናል። ከፊታቸው የሚታየው «ኤፍ» ፊደል «ካላገኘህ ከመጀመሪያው ጀምር» ማለት ነው።

ሲስተም ያለበት ካርድ ተሰክቶ እያለ አሰላለፉ 461 ከሆነ፣ ቦርዱ ሁልጊዜ ከካርዱ ይነሳል። ቦርዱ ተሳስቶ አይደለም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ካርዱን ንቀሉት፣ ወይም በራስፒ-ኮንፊግ ውስጥ «ቡት ኦርደር» ገብታችሁ ቀይሩት።

በፓይ 4 የሚሠራው ካርዴ አዲሱ ቦርድ ላይ አልነሳም። ቡትሎደሩን ላድስ?

እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቦርዱ አዲስ ነው፣ ያረጀው ካርዱ ላይ ያለው ሲስተም ነው። ቡትሎደር ብታድሱ ምንም አይለወጥም።

ፓይ 5 ከቡክዎርም በፊት የነበረውን ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ አያስነሳም። አሮጌ ካርድ ስትሰኩበት ሲስተሙ ፓይ 5ን እንደማያውቅ ስክሪኑ ላይ ይነግራችኋል። ያው መልእክት ምርመራውን መዝለል እንደሚቻል ይጠቁማል። መዝለሉ ግን ሲስተሙን የማያውቀውን እንዲያውቅ አያደርገውም፤ በቀጥታ አዲስ ሲስተም ጻፉ።

ሳታውቁት የምትያዙበት ሌላም አለ። ስሙ አንድ የሆነ ቦርድ ውስጡ ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣው 2 ጊጋ ራም ያለው ፓይ 5 የታረመ ቺፕ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ጓደኛችሁ ጋ በ8 ጊጋው ላይ የሚሠራ ቆየት ያለ ካርድ እናንተ ጋ እምቢ ሊል ይችላል። ካርዱ ላይ ያለውን ሲስተም ጓደኛችሁ ቦርድ ላይ አድሳችሁ ብትመልሱት ይፈታል።

ስክሪን ከሌላችሁ አረንጓዴዋን መብራት ቁጠሩ። አራት አጭር ብልጭታ የመነሻ ፋይሉ አልተገኘም ነው። ሰባት አጭር ከሆነ ከርነሉ የለም። አራት ረጅምና አራት አጭር ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩ ይህን ቦርድ አያውቀውም።

የዩኤስቢ ኤስኤስዲዬ ይሠራል ግን በየመሃሉ ይንቀረፈፋል።

ይህ መጀመሪያ ላይ ሦስተኛ ያልኩት፣ የተሰካው ዕቃ የራሱ ፈርምዌር ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩንና ዩኤስቢውን የሚያገናኘው አዳፕተር ላይ ነው። ሊኑክስ ዩኤኤስ በሚባል ፈጣን ዘዴ ሊያነጋግረው ይሞክራል፣ አዳፕተሩ እችላለሁ ይላል፣ በተግባር ግን ይንተባተባል። የአዳፕተሩ አምራች እድሳት ካለው መጫን ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው የሚጫነው። ካልሆነ ሊኑክስ ለዚያ አዳፕተር ብቻ ዩኤኤስን እንዲተው ይታዘዛል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ መንቀርፈፉ ግን ይቆማል። ሌላ አዳፕተር ተውሳችሁ መሞከር ከቻላችሁ ከሁሉም ያ ይቀድማል።

ፈርምዌር የማያስተካክለው ነገር አለ?

አለ። ይህን ማወቅ ብዙ የከንቱ ሌሊት ያድናል።

የመጀመሪያዎቹ የፓይ 4 ቦርዶች የዩኤስቢ ሲ ወደባቸው ላይ የንድፍ ስህተት ነበረባቸው። ቺፕ ባለባቸው አንዳንድ ውድ ገመዶች ኃይል አይቀበሉም ነበር። ጉድለቱ ሽቦው ላይ ስለሆነ የተስተካከለው በኋላ በተሠሩ ቦርዶች እንጂ በእድሳት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ቦርድ ካላችሁ ተራ ገመድ ይበቃችኋል።

ሁለተኛው ቃል የገባሁላችሁ የኃይል ጉዳይ ነው። ፓይ 5 በ5 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል፣ 27 ዋት የሚባለው። ከዚያ ያነሰ ሲሰካለት ለዩኤስቢ ወደቦቹ ሁሉ በድምሩ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ይለቃል። በሙሉው ቻርጀር 1.6 አምፒር ይለቃል። 600 ሚሊአምፒር ለአንዳንድ ሃርድ ዲስኮች አይበቃም። ዲስኩ ይንጫጫል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ሰው ፈርምዌር ያድሳል፣ ሲስተም ይቀይራል፣ ጥፋቱ ቻርጀሩ ነው። የስልክ ፈጣን ቻርጀር ላይ «65 ዋት» ተብሎ መጻፉ አያሳስታችሁ። ያን ኃይል የሚሰጠው በከፍተኛ ቮልት ነው፣ በ5 ቮልት ላይ ብዙዎቹ ከ3 አምፒር አያልፉም።

ገደቡን በቅንብር ማንሳት ይቻላል። ቻርጀራችሁ በእርግጥ 5 አምፒር እንደሚሰጥ ካላወቃችሁ ግን አታንሱት።

ሁልጊዜ የመጨረሻውን ልጫን?

የሚሠራ ነገር ካላችሁና አዲስ ዕቃ ካልጨመራችሁ አስፈላጊ አይደለም። ሁለት መስመር አለ። «ዲፎልት» የተፈተነው ነው፣ «ሌተስት» አዳዲሱን ቶሎ ያመጣል። እኔ በዲፎልት እቆያለሁ፣ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ወደ ሌተስት እሄዳለሁ። ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስን አዘውትሮ የሚያድስ ሰው ዲፎልቱን ሳያውቀው ሲያገኝ ኖሯል።

አዲሱ ካልተመቸኝ ወደ ድሮው መመለስ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የቆዩት ፋይሎች አይጠፉም፤ አንዱን መርጦ በዚያው ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል።

ኦሬንጅ ፓይ ወይም ጄትሰን ያለኝስ?

ሐሳቡ ያው ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ። ኦሬንጅ ፓይ 5 ላይ ከኤንቪኤምኢ ለመነሳት ቡትሎደሩ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ ባለችው የኤስፒአይ ፍላሽ ቺፕ ላይ መጻፍ አለበት። የራዝቤሪ ፓይን ማዳኛ ካርድ እዚያ አትሞክሩ፣ አይሠራም።

የኤንቪዲያ ጄትሰን ኦሪን ናኖ ደግሞ በደረጃ ነው የሚወጣው። ቀደም ብለው የተሸጡት ቦርዶች ፈርምዌራቸው አሮጌ ስለሆነ ጄትፓክ 6 (የኤንቪዲያ ሲስተም) የተጻፈበትን ካርድ አያስነሱም። መጀመሪያ በጄትፓክ 5 ካርድ አስነስቶ ፈርምዌሩን ማሳደስ፣ ከዚያ ወደ 6 መሄድ ነው። ያገለገለ ጄትሰን የገዛ ሰው «ተሸወድኩ» ከማለቱ በፊት ይህን ይሞክር።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አሥራ ሁለት ቦርድ አለ። አንድ በአንድ መቀመጥ አለብኝ?

በኢሜጀር የተጻፈው የማዳኛ ካርድ አንዴ ሠርቶ አያልቅም። አንዱን ቦርድ ጨርሶ ሌላው ላይ ይሰካል። ሰክታችሁ፣ መብራቷ በፍጥነት ስትርገበገብ አይታችሁ፣ አጥፍታችሁ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። አሥራ ሁለቱን በአንድ የሻይ ሰዓት ትጨርሳላችሁ። ፓይ 4 እና ፓይ 5 ከተቀላቀሉ ሁለት ካርድ አዘጋጁ፣ በብዕርም ጻፉባቸው። ቅንብር የቀየራችሁበት ቦርድ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጥሩን ደብተር ላይ አስፍሩት፣ ካርዱ ስለሚያጠፋው። ሲያልቅ እያንዳንዱ ቦርድ ላይ የታደሰበትን ቀን በትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። በሚቀጥለው ዓመት ዲስክ ይዞ የሚመጣው መምህር ከዚያ ይጀምራል።